የጣና ዓሣ ናሙናዬ በእርግጥ የትኛው ዝርያ ነው?

ማስተርስ_አራት_ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ ነኝ። የምሠራው ላቢዮባርበስ በሚባሉት የጣና ሐይቅ ዓሦች ላይ ነው። ጉማራ ወንዝ አፍ ላይ ከአጥማጆች የተገኙ የክንፍ ቁራጮች አሉኝ። ዝርያውን ቱቦው ላይ የጻፈው ናሙናውን የሰበሰበልኝ ልጅ ነው። አሁን ዝርያ ለመለየት የሚነበበው የሲኦአይ ጂን ውጤት መጣ። ጀንባንክ በሚባለው የዲኤንኤ መዝገብ ላይ ሳስተያየው ብዙዎቹ “ኢንተርሜዲየስ፣ 99 በመቶ” ይላሉ። ቱቦው ላይ ያለው ግን ማክሮፍታልመስ የሚባል ሌላ ዝርያ ነው። የቱን ልመን? ጓደኞቼ “ጀንባንክ ያለውን ጻፊና ተገላገይ” ይሉኛል። እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ።

ፒያሳ_ላብ፦
99 በመቶ ከሆነ ምን ቸገረሽ? እኛ ሌላ ዓሣ ላይ በዚሁ ነው የምንሠራው።

የስብስብ_ሰው፦
ልጄ፣ አለመዋጡ ልክ ነው። ጣና ላይ 99 በመቶ ምንም አይነግርሽም። ሐይቁ ውስጥ ቢያንስ 15 የላቢዮባርበስ ዝርያዎች አሉ። ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግን ጣና ደርቆ እንደነበር ከሥሩ የወጣው ደለል ያሳያል። ስለዚህ ዓሦቹ የተለያዩት በቅርቡ ነው። አፋቸውና ምግባቸው ተለያየ፤ ያነበብሽው 650 የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ላይ ግን ልዩነቱ ገና አልወጣም። በዚያ ላይ ይህ ጂን ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው። ሁለት ዝርያ ቢዳቀል አባትየው አይታይሽም።

ጀንባንክ ላይ ስሙን የሚጽፈው ውጤቱን የላከው ሰው ራሱ ነው። ዓሣውን አይቶ የሚያረጋግጥለት የለም።

“ምን ቸገረሽ” ላልከው ወንድሜ፦ ኮሎራዶ ውስጥ ግሪንባክ የሚባል ለመጥፋት የተቃረበ ትራውት አለ። ለዓመታት እያራቡ ወንዝ ውስጥ ሲለቁት ኖሩ። በ2007 እ.ኤ.አ. ዘሩ ሲመረመር ግሪንባክ ከተባሉት ብዙዎቹ የሌላ ተፋሰስ ትራውት ሆነው ተገኙ። በ2012 ሙዚየም ውስጥ ከ100 ዓመት በላይ የተቀመጡ ዓሦች ተመረመሩ። እውነተኛው የቀረው ቤር ክሪክ በምትባል አንዲት ጅረት ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ድካም የባከነው በስም ስህተት ነው! የታወቀውም የጥንቶቹ ዓሦች ገላ ስለተቀመጠ ነው።

እና የክንፎችሽ ባለቤቶች የት አሉ? ተሽጠው ከተበሉ፣ ፎቶም ከሌላቸው “ላቢዮባርበስ፣ ዝርያው ያልተለየ” ብለሽ ጻፊ። ምንም አያሳፍርም።

ለሚቀጥለው፦ ዓሣው ትኩስ ሳለ ግራ ጎኑን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሺ። ክንፉን ከቀኝ በኩል ቁረጪ፤ ግራው አይነካ። ቁራጩን 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተቺ፤ ዓሣው እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ፎርማሊን ዲኤንኤን ያበላሻል። ቁጥሩን በማርከር አትጻፊ፤ አልኮል ያጥበዋል። በእርሳስ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቱቦው ውስጥ አስገቢው። ጽሑፉ ታጥቦ ባዶ የቀረ ቱቦ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያራል። ዓሣውንም ሁለት ሰው ለየብቻ ይለየው፣ የጂን ውጤቱን ሳያይ።

ጂኖም_ነኝ፦
ከእናትም ከአባትም በሚወረሰው በኒውክሌር ጂን ልሞክር ካልሽ ተጠንቀቂ። እነዚህ ዓሦች ክሮሞዞማቸው 150 ገደማ ነው፤ እያንዳንዱ በስድስት ቅጂ። ብዙው ሶፍትዌር ሁለት ቅጂ ብቻ አለ ብሎ ነው የሚያሰላው።

ማስተርስ_አራት_ኪሎ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትልልቆቹ ተሽጠዋል፤ የአንዳንዶቹ ፎቶ ግን አለኝ። ትንንሾቹ ፎርማሊን ውስጥ አሉ። ይጠቅማሉ?

የስብስብ_ሰው፦
ትንንሾቹ መልካቸው ገና ስላልወጣ ለመለየት ያስቸግራሉ። ግን እንዳትጥያቸው፤ ቁጥራቸውን ከቱቦዎቹ ጋር አያይዢ። ማክሮፍታልመስ ስሙን ያገኘው ከትልቅ ዓይኑ ነው። ፎቶዎቹ ላይ የዓይኑን ስፋትና የጭንቅላቱን ርዝመት ለኪና እዚያው አራት ኪሎ ሙዚየም ካሉት ጋር አስተያዪው። ኢንተርሜዲየስን በ1830ዎቹ የሰየመው ሩፔል ነው፤ የሰበሰባቸው ዓሦች ፍራንክፈርት ዘንከንበርግ ሙዚየም ናቸው። ጽፈሽ ፎቶ ጠይቂያቸው። ልኬቱን ስትጨርሺ እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።