ታናሽ ወንድሜ በብስክሌት ዳገት ወጪ ይሆናል?

ታላቅ ወንድም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 20 ዓመቱ ነው። የብስክሌት ክለብ ገብቶ ደመወዝ ከጀመረ ስምንት ወሩ። ክብደቱ 56 ኪሎ። ከጎንደር ወደ ኮሶዬ ሲወጣ በሞተር ተከተልኩት። 20 ደቂቃ ሙሉ በአማካይ 310 ዋት (ፔዳሉን የሚገፋበት ጉልበት መለኪያ) ገፋ። ከኮርቻው ሳይነሳ! ትከሻው ንቅንቅ አላለም፤ ከአገጩ ላቡ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። እንባዬ መጣ። ግን የወንድም ዓይን ያዳላል፤ እውነቱን ንገሩኝ።

የማራኪው፦
310 ለ56 ሲካፈል በኪሎ 5.5 ዋት ገደማ ነው። ለዕድሜው በጣም ጥሩ ነው ወንድሜ። ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ቆላ ቢወርድ ከዚህም በላይ ይገፋል። ግን እግሩ ትኩስ ነበር አይደል? እኔን የጣለኝ ይኸው ነው። ጠዋት ማንም አይቀድመኝም፤ ከአራት ሰዓት ጉዞ በኋላ እግሬ ድንጋይ ይሆናል። በትልልቅ ውድድር ወሳኙ ዳገት የሚመጣው ያኔ ነው። መጀመሪያ አራት ሰዓት ይንዳ፣ ከዚያ ያንኑ ዳገት ይውጣ። ከ290 ካልወረደ ልቤ ይሞላል።

የፒያሳዋ፦
ክብደት ቀንስ እንዳትሉት ብቻ! ለዳገት ብሎ እራት የተወ ልጅ አውቃለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ታመመ። ከአሁኑ ይብላ። ፈረስን ዳገት ሥር ገብስ ቢያበሉት ምን ያደርጋል?

የማራኪው፦
እውነትሽን ነው። አታጣድፉት። ኮሎምቢያዊው ኢጋን በርናል በ2019 እ.ኤ.አ. ትልቁን የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ 22 ዓመቱ ነበር፤ እሱም የደጋ ልጅ ነው። የኛው ብስክሌተኛ ጽጋቡ ግርማይ ግን እዚያ ውድድር የገባው በ24 ዓመቱ ነው።

ታላቅ ወንድም፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሞተሬን ነዳጅ ሞልቼ እከተለዋለሁ። ቁጥሩን አመጣላችኋለሁ።