ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ቤቴ መግባት የሚችለው መቼ ነው?

ተከራዩ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሰው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው። ባለፈው ሳምንት ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሁለት ፖሊሶች መጡ። የግቢውን በር የከፈቱላቸው አከራዬ ናቸው። «የተሰረቀ ላፕቶፕ እዚህ ግቢ ገብቷል የሚል ጥቆማ ደርሶናል፣ ክፍልህን እንየው» አሉኝ። ማዘዣ አላችሁ ወይ ስላቸው፣ «ባለቤቷ ፈቅደውልናል፣ ማዘዣ አያስፈልግም» አሉ። ገብተው ፈተሹ፣ ምንም አላገኙም፣ ሄዱ። አልሰደቡኝም፣ አልገፉኝም። ግን ነገሩ እስካሁን ይከነክነኛል። ሕጉ ምን ይላል? ሌላ ጊዜ ቢመጡስ ምን ልበል?

ሰናይት፦
ሕግ ነው የተማርኩት፣ እስቲ ልሞክር።

መነሻው ቤት የሚበረበረው በፍርድ ቤት ማዘዣ ነው የሚለው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ቤትህም፣ አካልህም፣ ንብረትህም ከመመርመር እንደሚጠበቅ ይናገራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 13 ደግሞ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የሰው መኖሪያ ውስጥ መግባትም ሆነ መበርበር ክልክል ነው፣ ሕግ ከፈቀደው ሁኔታ በቀር ይላል። ሕግ የፈቀደው ሁኔታ የቱ ነው ካልክ፣ መልሱ 1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 ላይ አለ። ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ለመረዳት አያስቸግርም። ፖሊስ አንድን ተጠርጣሪ እግር በእግር እያባረረው ሰውየው ቤት ውስጥ ዘሎ ከገባ፣ ወይም የወንጀሉን ዕቃ እዚያ ከጣለ፣ ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ማዘዣ አይጠብቅም።

ሁለተኛው ነው ሰው የሚያምታታው። «ጥቆማ ደርሶናል» ማለት ብቻውን አይበቃም። ስለ ወንጀሉ ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ መሆን አለበት። ወንጀሉ ከ3 ዓመት በላይ በሚሆን እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ማስረጃ የሚሆነው ዕቃ እዚያ ቤት ተደብቋል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት መኖር አለበት። በዚህ ላይ ደግሞ ማዘዣ እስኪወጣ ከተጠበቀ ዕቃው ከቦታው ይሸሻል ብሎ ፖሊሱ የሚያምንበት ጥሩ ምክንያት ያስፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ማዘዣ ግድ ነው።

ወዳንተ ጉዳይ ስንመጣ፣ ስርቆት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ስለሚችል የቅጣቱ ነገር ይሟላል ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። የሚያጣላው ጥድፊያው ነው። ጥቆማው የደረሳቸው ጠዋት ከነበረ ቀኑን ሙሉ ፍርድ ቤት ክፍት ነበር። ምሽት ላይ ከነበረና ዕቃው ሌሊቱን ሊወጣ ነው ከተባለ ግን ሌላ ነው። ይህን ሳናውቅ ሕገ ወጥ ነው ብዬ ልፈርድ አልችልም።

ዝም አይነቅዝም፦
ወንድሜ፣ ምንም ከሌለህ ምን አስጨነቀህ? አይተው ሄዱ፣ አለቀ።

ሰናይት፦
@ዝም አይነቅዝም ሕጉ ማዘዣ ያስፈልጋል ሲል ጥፋተኛ ለሆነ ብቻ አላለም። ደግሞም የሚፈተሸው ላፕቶፑ ብቻ አይደለም። የሚስትህ ሻንጣም፣ የሐኪም ወረቀትህም አብሮ ይገለበጣል።

ጡረተኛው፦
እኔ ብዙ ዓመት በፖሊስነት ሠርቻለሁ። ልጄ፣ ሁለት ነገር ልንገርህ።

«እንየው» ትዕዛዝ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። እሺ ካልክ በፈቃድህ ገቡ ይባላል፣ ኋላ የማዘዣ ክርክር ማንሳት ይከብድሃል። ስለዚህ ፈቃደኛ ካልሆንክ በግልጽ ተናገር። «እኔ አልፈቀድኩም፣ ማዘዣ ካላችሁ አሳዩኝ» በል፣ ጎረቤት እየሰማ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በኋላ በኃይል ከገቡ ግን በር ላይ አትጋፋ። ለስህተታቸው የሚጠየቁት እነሱ ናቸው፣ ፖሊስ ገፍትረህ ከተገኘህ ግን ተጠያቂው አንተ ትሆናለህ።

ሌላው፣ ከቤት ውስጥ የድረሱልኝ ጩኸት ከተሰማ ማዘዣ የሚባል ነገር አይነሳም። ባል ሚስቱን እየደበደበ ፖሊስ ዳኛ ፍለጋ ይሂድ? የሥነ ሥርዓት ሕጉም አንቀጽ 21 ላይ ጩኸት የተሰማበትን ቦታ እንደ እጅ ከፍንጅ ወንጀል ይቆጥረዋል። እኛ እንዲህ ያለ ቤት ስንገባ የምንሄደው ሰው ለማዳን ነው እንጂ ቁም ሳጥን ለመክፈት አይደለም።

ተከራዩ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። የአከራዬ ፈቃድስ? ቤቱ የሳቸው ነው ብለው ነው የገቡት።

ሰናይት፦
ግድግዳው የሳቸው ነው፣ መኖሪያው ያንተ ነው። አንቀጽ 13 የሚጠብቀው የሚኖርበትን ሰው ነው። የግቢውን በርና የጋራውን ቦታ ሊከፍቱ ይችላሉ። የተከራየኸውን ክፍል ግን ባንተ ፈንታ መፍቀድ አይችሉም ባይ ነኝ።

ሰዓቱን ደግሞ ልብ በል። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 ብርበራ የሚደረገው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው ይላል፣ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ሌላ ካላዘዘ በስተቀር። ድንጋጌው ያለው ስለ ማዘዣ በሚያወራው አንቀጽ ውስጥ ስለሆነ ያለ ማዘዣ ብርበራን አይመለከትም የሚል ይኖራል። ለኔ ግን ዳኛ የፈቀደው ብርበራ በቀን ከተገደበ፣ ዳኛ ያላየው በሌሊት የሚፈቀድበት ምክንያት አይታየኝም።

ባለ ሱቁ፦
የመያዣ ትዕዛዝ ይዘው ቢመጡስ? አንድ ዘመዴን ሊይዙ መጥተው ቤቱን ሁሉ ገለበጡት።

ሰናይት፦
መያዣና መበርበሪያ ለየቅል ናቸው። የመያዣ ትዕዛዝ ሰውየውን ለመውሰድ ነው። የብርበራ ማዘዣ ደግሞ የሚፈለገውን ዕቃ መጥቀስ አለበት፣ ያልተጠቀሰ ዕቃ መውሰድም አይቻልም። ወረቀት ሲያሳዩህ አርእስቱን አንብብ።

ተከራዩ፦
ዕቃ ቢወስዱ ኖሮስ?

ጡረተኛው፦
ዝርዝር ይጻፋል። የሚቻል ከሆነ ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ዝርዝሩን ሳታነብ አትፈርም፣ የስልክ ሞዴልና ብዛት በትክክል መጻፉን እይ። ቅጂ ጠይቅ፣ እምቢ ካሉህ ራስህ ወረቀት ላይ አስፍረው።

ሰናይት፦
አንድ መራራ ነገር ልጨምር። ፊልም ላይ እንደምናየው ያለ ማዘዣ የተገኘ ማስረጃ ወዲያው ውድቅ ይሆናል ብላችሁ አትተማመኑ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። በሕገ ወጥ ብርበራ ስለተገኘ ዕቃ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ክልከላ አላስቀመጠም። ጠበቃ ይከራከርበታል፣ ውጤቱ ግን እርግጠኛ አይደለም።

አዲሱ አባል፦
በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅትስ ይሄ ሁሉ ይሠራል?

ሰናይት፦
ያኔ አዋጁንና መመሪያውን ማንበብ ነው። ለምሳሌ በ2009 ዓ.ም. በታወጀው ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መበርበርም መያዝም ተፈቅዶ ነበር።

ተከራዩ፦
ላለፈው አሁን አቤቱታ ባቀርብ ዋጋ አለው?

ጡረተኛው፦
አለው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባባልከውን ቃል ሳትረሳው ጻፍ። ከዚያ ጣቢያው ኃላፊ ዘንድ ሂድና ጥቆማው መቼ እንደተመዘገበ ጠይቅ። ካላረካህ ወደ በላይ አካል፣ ወደ ዐቃቤ ሕግ ወይም ወደ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማመልከት ትችላለህ። እግረ መንገድህን አከራይህንም አነጋግር። ክፉ አስበው አይመስለኝም፣ ፖሊስ ሲያዩ ደንግጠው ነው። ሌላ ጊዜ ማንም ቢመጣ አንተን ሳይጠሩ ወደ ክፍልህ እንዳይመሩ ብቻ ንገራቸው።