ሲአርፒ (ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ደም ውስጥ ከፍ የሚል ፕሮቲን) 6.8 መጣብኝ፣ ውፍረት ብቻውን እንዲህ ያደርጋል?

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ 41 ዓመቴ ነው ኪሎዬ 104፣ ቼክአፕ ላይ ሲአርፒ 6.8 መጣና ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ፣ ጨርሼ ሲደገም 6.5! ትኩሳት የለኝ ሳል የለኝ፣ ስኳር በባዶ ሆድ 112፣ ቀበቶዬን ከቦርጬ በታች ነው የማስረው 😅

ላብ_ሰው፦ በደንብ ያደርጋል እንጂ። የሆድ ውስጥ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ እንዳይመስልህ፣ ሲበዛ የመከላከያ ሴሎች ይገቡበትና ኢንተርሉኪን 6 የሚባል ብግነት ቀስቃሽ ነገር ይለቃሉ፣ ጉበት ደሞ እሱን ሲያገኝ ሲአርፒ ያመርታል። ከዛው ስብ የሚወጣው ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባል ሌላ ብግነት ቀስቃሽ ደሞ ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሰራ ያደርጋል፣ 112 የመጣውም ለዛ ሊሆን ይችላል፣ ከ100 እስከ 125 ፕሪዳያቤቲስ (የስኳር በሽታ መዳረሻ) ነው። ሃይ ሴንሲቲቭ የሚባለውን፣ ትንሽ መጠንንም በደንብ የሚለካውን የሲአርፒ ምርመራ አሰራ፦ ከ1 በታች ጥሩ፣ ከ3 በላይ ለልብ ስጋት፣ ከ10 ካለፈ ግን መጀመሪያ ኢንፌክሽን ነው የሚፈለገው። ቆይ ግን፣ ወረቀቱ ላይ ሚሊግራም በሊትር ነው በዴሲሊትር? በዴሲሊትር ከሆነ በሊትር 68 ማለት ነው፣ ሌላ ወሬ ነው የሚሆነው።

እናት_ሆድ፦ ወንድሜ ጥርስህንም ታይ፣ የድድ በሽታም ከፍ ያደርገዋል። እኔ 4.9 ነበርኩ፣ ለስላሳ አቁሜ ማታ ማታ እየተራመድኩ በ7 ወር 9 ኪሎ ቀነስኩ፣ አሁን 2.2።

ጠያቂው፦ አየሁት፣ በሊትር ነው ተመስገን 🙏 ግን ጥርሴን እንዴት አወቅሽ? አንዱ መንጋጋዬ ከፋሲካ ጀምሮ እያደማ ነው።