ጥቆማ፦ ለጂ+1 ቤት የግንባታ ብድር የትኛው ባንክ ይሻላል? (መብራት ቆጣቢ ቤት)

ጠያቂዋ፦
ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ውስጥ 150 ካሬ የሊዝ ቦታ አለን፤ ካርታው በእኔና በባለቤቴ ስም ነው። ጂ+1 ልንሠራበት አስበናል። ውሃው በፀሐይ የሚሞቅ፣ ማታ የማይበርድ፣ ብዙ መብራት የማይበላ ቤት ነው የምንፈልገው። ፕላኑ ገና አልጸደቀም። ለዚህ ብድር የትኛው ባንክ ይሻላል? የሶላሩን ማሞቂያና የኮርኒሱንስ ወጪ ብድሩ ውስጥ ያስገቡልናል?

ሶሌታ፦
እህቴ፣ ፕላኑ አለመጽደቁ በጀሽ። ባንክ የሚያበድረው በጸደቀ ፕላን፣ በግንባታ ፈቃድና በሥራ ዝርዝሩ ላይ ተመሥርቶ ነው። ይህ ዝርዝር (ቢል ኦፍ ኳንቲቲ የሚሉት) ላይ ያልሰፈረ ነገር ለባንኩ መሐንዲስ የለም ማለት ነው። «ሶላር» ተብሎ በአንድ መስመር ከተጻፈ ደግሞ ተነቃይ ዕቃ ነው ብሎ ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ በሳኒተሪ ሥራ ሥር ዘርዝሩት፦ ባለ 200 ሊትር ማሞቂያ ከነማቆሚያ ብረቱ፣ የሙቅ ውሃ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) መስመር በሜትር፣ የመገጠሚያ የእጅ ዋጋ። ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፈው ሮክውል (ሙቀት እንዳያመልጥ የሚከለክል የድንጋይ ሱፍ) ከጣሪያ ሥራው ጋር በካሬ ይግባ።

ሌላው ሊዙ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የሊዝ መብት ዋስትና የሚሆነው እስካሁን በተከፈለው የሊዝ ገንዘብ መጠን ነው። «ቦታው ዛሬ ቢሸጥ ይህን ያህል ያወጣል» ብላችሁ እንደ መዋጮ እንዳትቆጥሩት። ውዝፍ ሊዝ ካለም አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ከዕዳና እገዳ ነፃ የሚለው ማስረጃ የሚያዘው በዚያ ነው።

የድሮ ደንበኛ፦
ንግድ ባንክ ሂዱ፣ አለቀ። የቀድሞው ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ተጠቃሎ የገባው እዚያ ነው፤ እሱም የድሮው ቤቶችና ቁጠባ ባንክ ነው። የቤት ብድርን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቁልፍ፦
ጎህ ቤቶች ባንክ በ2014 ሥራ የጀመረው ለቤት ብድር ተብሎ ነው፤ እሱንም ጠይቁ። ወለድ የማትፈልጉ ከሆነ ዘምዘምና ሂጅራ አሉ። ሙራባሃ የሚባለው አሠራራቸው ግን የዕቃ ሽያጭ መሆኑን እወቁ፦ ባንኩ ሲሚንቶውንና ብረቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ይሸጥላችኋል። የእጅ ዋጋ ዕቃ አይደለምና በምን እንደሚሸፈን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከየትም ብትወስዱ የመክፈያ ዘመኑን አስሉት። ለምሳሌ 2 ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ለ20 ዓመት ብትወስዱ የወር ክፍያው ወደ 27,800 ብር ነው፤ ጠቅላላው 6.68 ሚሊዮን ይደርሳል። በ10 ዓመት ብታደርጉት ወሩ ወደ 33,500 ያድጋል፣ ጠቅላላው ግን 4.02 ሚሊዮን ነው። በወር 5,700 ብር መጨመር 2.66 ሚሊዮን ያተርፋል። ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለውና ባንኩ ወለዱን መሃል ላይ መቀየር ይችል እንደሆነ ውሉ ላይ ፈልጉ።

ግሬድ ቢም፦
ወለዱን ተዉት፣ አለቃቀቁን ጠይቁ! የእኛን ባንክ ስም አልጠራም። ገንዘቡ በአራት ዙር ነበር የሚለቀቀው፦ መሠረት፣ ኮለንና ሶሌታ (ምሰሶና የፎቅ ወለል ኮንክሪት)፣ ጣሪያና ልስን፣ ፊኒሺንግ። መሠረቱን በራስ ገንዘብ ታወጣላችሁ፤ ከዚያ መሐንዲሱ አይቶ ሪፖርት ይጽፋል፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያጸድቃል። የእኛ ሰባት ሳምንት ቆመ። ምክንያቱ? መሐንዲሱ የመጣው ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ነው፤ ብረቱን አላየም፣ የኪዩብ ምርመራ (የኮንክሪት ናሙና ጥንካሬ) ውጤትም አልነበረንም። ብረት እስኪገዛ ዋጋው ተነሣ፤ ብድሩ ግን በድሮው ዋጋ ነው የጸደቀው።

ቀይ ብሎኬት፦
የትኛው ባንክ ነው? ስሙን ንገረን እንጂ፤ ሰው እንዳይሳሳት።

ግሬድ ቢም፦
አልናገርም፤ ሌላ ቅርንጫፍ በሁለት ሳምንት የለቀቀለት ሰው አለ። ችግሩ አሠራሩ ነው።

የድሮ ደንበኛ፦
ንግድ ባንክ ቢሆን እንዲህ አይሆንም ነበር። 15 ዓመት ደመወዜ የገባበት ባንክ ነው።

ቁልፍ፦
ወንድሜ፣ ደመወዝ ማስገባትና የግንባታ ገንዘብ መልቀቅ ይለያያል እኮ።

ቧንቧ፦
ስለ ሶላሩ ልናገር። 200 ሊትር ውሃን በ30 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይፈጃል፤ ፀሐይዋ የምታድነው ይህን ነው። የመስታወት ቱቦ ያላቸው ማሞቂያዎች ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ ነው። ቱቦው በቀን ደርቆ ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ከገባበት ይፈነዳል። ውሃው ማታ ወይም ጎሕ ሳይቀድ ይሞላ። ሮቶው ከማሞቂያው በላይ ይቀመጥ። ሲሞላ ከ250 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ስትራክቸር መሐንዲሱ ከአሁኑ ይወቀው።

ቀይ ብሎኬት፦
ቦይለር ይሻላል። በክረምት ሶላር የት አለ?

ቧንቧ፦
ለክረምት ውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዘንግ አለው። ለሐምሌና ለነሐሴ ብለህ የዓመቱን ፀሐይ አትተው።

መለኪያ፦
ብድር ተጠየቀ፣ ቧንቧ ተመለሰ፤ ባንክ ተጠየቀ፣ የደመወዝ ደብተር ተመለሰ። ልጅቷ ፕላን ልታጸድቅ ነው፣ እባካችሁ!

ሶሌታ፦
እውነትህን ነው። ግሬድ ቢም ያነሣው መፍትሔ አለው። ከሙሌቱ ሦስት ቀን በፊት የባንኩን መሐንዲስ በደብዳቤ ጥሩት፤ ግልባጩን አስቀምጡ። የታሰረውን ብረት ሜትር አስጠግታችሁ ፎቶ አንሡ። ከየሙሌቱ ኪዩብ አስወስዱ፤ የ7 እና የ28 ቀኑን ውጤት በፋይል ያዙ። ዝርዝሩ ላይ መጠባበቂያ ቢያንስ 10 በመቶ ይግባ። ዋጋ ሲንር ዝርዝሩ ይከለስ እንደሆነም ከፊርማ በፊት አስጽፉ። መሠረቱ ደግሞ ከሰኔ በፊት ይውጣ፤ ጉድጓድ ውሃ ከያዘ ተጨማሪ ቁፋሮ ነው፣ ያንን ባንክ አይከፍልም። የብድሩን ክፍያ ካቆማችሁ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ሐራጅ ማውጣት ይችላል። አቅማችሁን ሳታጋንኑ ገምቱ።

የሙቀቱ ዋና ነገር ግን ብድር አይፈልግም፤ አቀማመጥ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ማታው ሲበርድ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታደላለች፤ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከፍታዋ ወደ 58 ዲግሪ ነው። ሳሎንና መኝታ ቤት ደቡብ ይዩ፤ ደረጃና መታጠቢያ ወደ ሰሜን ይሂዱ። የምዕራቡ መስኮት ይጥበብ። ተንሸራታች አሉሚኒየም መስኮት በጠርዙ ብርድ ያስገባል፤ በማጠፊያ የሚዘጋ ባለ ጎማ ይሻላል። በቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ሙቀቱ በብዛት የሚያመልጠው በላይ ነውና ከቀለም ቀንሳችሁም ቢሆን ሮክውሉን አትተዉት። ጣሪያው ካፈሰሰ ግን ሮክውሉ ርሶ ዋጋ ያጣል፤ ከመነጠፉ በፊት አንድ ዝናብ ይለፈው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ባንኩን ገና እየተነጋገርንበት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የእንጀራ ምጣዱ ሲሰካ መብራቱ እንዳይጠፋ ዝርዝሩ ላይ ምን ይጻፍ?

መለኪያ፦
ለምጣዱ የራሱ መስመር ይጻፍለት። 3.5 ኪሎዋት ከሆነ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ በተለመደው ባለ 16 ብሬከር ላይ ጫፍ ስለሚሆን ሊወርድ ይችላል። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከር፣ ኧርዝ ያለው ሶኬት ይሁን። ቦይለሩና ምጣዱ አንድ መስመር ላይ አይገናኙ።

የድሮ ደንበኛ፦
ንግድ ባንክን አትርሱ።

አዳማ ነኝ፦
ቦታዬ አዳማ ነው፤ ይኸው አቀማመጥ ለእኛም ይሠራል?

ሶሌታ፦
አይ፣ እናንተ ጋ ሙቀቱ ነው የሚያስቸግረው። የጣሪያ ክንፍ አስረዝሙ፣ ከቆርቆሮው ሥር አየር ማስወጫ ተዉ። ፕላንህን አውጥተህ ከሆነ ሰሜኑ በየት በኩል እንደሆነ ጻፍልኝ።