ትራውት የሚባለው ዓሣ የማጥመጃ ዝንቡን ቀርቦ አይቶ ይመለሳል፤ ምን ላስተካክል?

ጠያቂ፦ ጠጠር ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ወንዙ 8 ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ መሃሉ ፈጣን፣ ዳርና ዳሩ ዝግ ያለ ነው። የማጥመጃ ዘንጌ 9 ጫማ ባለ 5 ቁጥር (ቁጥሩ የሚወረውረውን ክር ክብደት ያሳያል)፣ ክሩ ተንሳፋፊ፣ መሪ ክሩ (ወፍራሙን ክርና ዝንቡን የሚያገናኘው ቀጭኑ) 9 ጫማ ሆኖ ጫፉ 4ኤክስ (የውፍረት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል)። የምጥለው ቁጥር 16 መንጠቆ ላይ የታሰረ ተንሳፋፊ ሰው ሠራሽ ዝንብ ነው። ዓሣው ከማዶ ሲመገብ ይታያል። ዝንቡ ሲደርስ ብቅ ይልና አይቶት ይመለሳል። ዝንብ ብቀያይርም ያው ነው። ቀለሙ ይሆን ወይስ አጣጣሌ?

ቀጭን ክር፦
ቀለሙን ለጊዜው ተወው። ዓሣው ሊያየው ከተነሣ መጠኑም ቅርጹም ብዙ አላስጠረጠረውም፤ የሚያሸሸው የዝንቡ አካሄድ ነው። ክርህ ፈጣኑ መሃል ላይ ያርፋል፣ ዝንብህ ደግሞ ዝግ ያለው ላይ። መሃሉ ክሩን ወደ ታች ሲወስደው ክሩ ይጎብጥና ዝንቡን ይጎትተዋል። እውነተኛ ነፍሳት ግን ከውሃው ጋር እኩል ነው የሚሄዱት። ይህ ከሩቅ ላይታይህ ስለሚችል ከዝንቡ ጎን የሚሄድ አረፋ መርጠህ አስተያይ፤ ዝንቡ አረፋውን ከቀደመ ወይም ወደ ጎን ከሸሸ እየተጎተተ ነው።

ዋናው መፍትሔ የምትቆምበት ቦታ ነው። ትራውት ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ስለሚቆም ከታች በኩል፣ ከኋላው፣ አጎንብሰህ ቅረበው። ጥልቀቱ ከፈቀደ ወደ መሃሉ ግባና ክርህ በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት ፍጥነት ባለው ውሃ ላይ ይረፍ። ካልሆነ ዘንጉን ከፍ አድርገህ ክሩን ከፈጣኑ ውሃ በላይ ያዘው፤ 8 ሜትር ወንዝ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ርቀቱ ካስቸገረ፣ ክሩ ገና አየር ላይ ሳለ ዘንጉን ወደ ላይኛው ፍሰት አዘንብል፣ ካረፈም በኋላ ክሩን ወደ ላይኛው ፍሰት ገልብጥ። ብዙዎች ሲገለብጡ ዘንጉን በኃይል ስለሚመነጭቁት ዝንቡም አብሮ ይዘላል። ማንሣት ያለብህ ወፍራሙን ክር ብቻ ነው።

ጫፉንም ለውጥ። የመንጠቆው ቁጥር ለ3 ሲካፈል የክሩን ቁጥር በግምት ይሰጥሃል፤ 16 ለ3 ወደ 5ኤክስ ይጠጋል፣ ውፍረቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው (4ኤክስ 0.18)። ርዝመቱን 90 ሴንቲ ሜትር አድርገው። ጥቅሙ በዓይን አለመታየቱ ብቻ አይደለም፤ ለስላሳ ስለሆነ ተጠማዝዞ ያርፋል፣ እስኪወጠር ድረስም ዝንቡ በነፃ ይሄዳል።

ሸንበቆ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን የዓሣውንም አነሣስ እይ። ሲነሣ አረፋ ትቶ ከሄደ የሚበላው ከላይ ነው። ጀርባውና ጭራው ብቻ ታይቶ አረፋ ከሌለ፣ ከውሃው ገጽ ሥር ለመብረር የሚወጡትን እጮች እየለቀመ ነው። ያን ጊዜ ከተንሳፋፊው ዝንብ መንጠቆ ጎባጣ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ክር አስረህ ትንሽ ሰው ሠራሽ እጭ አንጠልጥል፤ ዝንቡ ቆም ካለ ወይም ከጠለቀ ዓሣው እጩን ይዞ ሊሆን ስለሚችል ዘንጉን ወዲያው አንሣ።

ዓሣው ከውሃ በላይ ያለውን የሚያይበት ክብ መስኮት ስፋቱ ከጥልቀቱ እጥፍ ትንሽ ይበልጣል፤ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ላለ ዓሣ 1.1 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ዝንቡን ከዓሣው ወደ ላይኛው ፍሰት 1 ሜትር ያህል አርቀህ ጣል። አናቱ ላይ ብትጥል ይበረግጋል፣ በጣም ብታርቀው ሳይደርስ መጎተት ይጀምራል። ማንሳፈፊያ ቅባቱም ዝንቡ ላይ ብቻ ይሁን፤ የጫፉን ክር ከነካው ክሩ ገጹ ላይ ተንሳፍፎ ይታያል።

ድንጋይ ሥር፦
ቴርሞሜትር ያዝ። ትራውት ውሃው 10–16 ዲግሪ ሲሆን ጥሩ ይበላል። 20 ካለፈ ማጥመዱን ተው፤ በሞቀ ውሃ ኦክስጅን ስለሚያንስ የለቀቅኸው ዓሣ ዋኝቶ ቢሄድም በኋላ ሊሞት ይችላል።

ጠጠር ዳር፦
አመሰግናለሁ። ጫፉን ሳረዝመው ግን ቋጠሮ ይፈጠርበታል።

ቀጭን ክር፦
ወደ ፊት ስትወረውር መጀመሪያ ላይ ኃይል ስለምታበዛ ነው። በዝግታ ጀምረህ ፍጥነቱን ጨምር፣ መጨረሻ ላይ ቀጥ አድርገህ አቁም። እንደ ጅራፍ ከጮኸብህ ደግሞ ክሩ ከኋላህ ሳይዘረጋ ቸኩለሃል፤ ዝንቡም ተበጥሶ ሊቀር ይችላል። ቋጠሮ የያዘውን ክር ቆርጠህ ጣለው፣ ጥንካሬው እስከ ግማሽ ይወርዳል። አዲሱን ስትቀጥል ሁለቱን ክሮች 15 ሴንቲ ሜትር አደራርብ፣ ቀለበት ሠርተህ ጫፎቹን አንድ ላይ 3 ጊዜ አሳልፍ፣ በምራቅ አርጥበህ ቀስ ብለህ አጥብቅ። ደረቁን ካጠበቅኸው በሰበቃው ሙቀት ይዳከምና ዓሣው ሲስብ ከዚያው ላይ ይበጠሳል።