ጥቆማ፦ ለእናቴ የሚሆን ጥሩ ፓፓያ አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ልግዛ?

የሳሪሷ፦ ሰላም ቤተሰብ። እናቴን ሆድ ድርቀት አስቸግሯታል። ሐኪሙ ፍራፍሬና ውኃ እንድታበዛ ነግሯታል። ከፍራፍሬ ደግሞ የምትወደው ፓፓያ ብቻ ነው። ችግሩ፣ የምገዛው አንዳንዴ ማር ነው፣ አንዳንዴ ግን ጭራሽ አይጣፍጥም። ከኢትፍሩት፣ ከእሁድ ገበያ፣ ሃይሌ ጋርመንት ካለው አትክልት ተራ ወይስ ከሰፈር ጉሊት ይሻላል? ስኳርም ስላለባት ጁስ ቤት ልውሰዳት ወይስ ይቅር?

ገርጂ፦ ምንም አትድከሚ። እዚህ እኛ ሰፈር አንድ ልጅ አለ፣ የአርባ ምንጭ ፓፓያ ነው የሚያመጣው። ከሱ ሌላ ገዝቼ አላውቅም።

የሳሪሷ፦ አመሰግናለሁ። ግን የአርባ ምንጭ መሆኑን በምን አወቅህ?

ገርጂ፦ ልጁ ነዋ የነገረኝ። ውሸት አያውቅም።

እናት ዓለም፦ እህቴ፣ ጁስ ቤት እንዳትወስጃት! እኔ ባለፈው አንድ ቦታ ስፕሪስ ጠጥቼ ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ሲቆርጠኝ አደረ። ፓፓያው ከጠዋት ጀምሮ ተልጦ ክፍት ሳህን ላይ ተቀምጦ ነበር። ማሽኑንም በአንድ ባልዲ ውኃ ነው የሚያለቀልቁት። በዚያ ላይ ስኳሩ!

ካዛንቺስ፦ የትኛው ጁስ ቤት ነው? ስሙን ንገሪን።

እናት ዓለም፦ ስም አልጠራም። ሰው እንጀራው ነው። ዓይናችሁን ከፍታችሁ ጠጡ ነው የምለው።

የቦሌው፦ እና በአንቺ ሆድ ምክንያት የከተማው ጁስ ቤት ሁሉ ይዘጋ? እኔ ከተማሪነቴ ጀምሮ የምጠጣበት ቤት አለ፣ አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም።

እናት ዓለም፦ ያንተ ሆድ ብረት ከሆነ እሰየው። እኔ ስለ አንዲት የታመሙ እናት ነው የማወራው።

ሚሚ፦ ፓፓያ ፊት ላይ ሲቀባ ማድያት ያጠፋል የሚባለው እውነት ነው? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

ካዛንቺስ፦ ሚሚዬ፣ ጥያቄው የሚበላ ፓፓያ ነው።

ፋርማሲስቱ፦ ወደ እናትየው ልመለስ። ጁሱ ይቅር፣ ፍሬውን ቆርጠሽ ስጫት። መቶ ግራም ፓፓያ ውስጥ ወደ 60 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ አለ፣ ካሎሪው ደግሞ 43 አካባቢ ነው። ሆድ የሚያለሰልሰው ውኃውና አሰሩ (ፋይበሩ) ነው። ጁስ ሲሆን አሰሩ ይደቅቃል፣ አንዳንዱም ቤት ያጠለዋል። ላዩ ላይ ስኳር ይጨመርበታል። ስኳር ላለባት ሴት ይሄ አይመከርም። ፍሬውንም ቢሆን በልክ ትብላ።

ብዙ ሰው ፓፔይን የሚባለውን ኢንዛይም ያነሳል። እሱ በብዛት ያለው ጥሬው ፓፓያ በሚያወጣው ነጭ፣ ወተት መሰል ፈሳሽ ውስጥ ነው። ፓፓያው ሲበስል እጅግ ይቀንሳል። ኢንዛይሙ ፕሮቲን ስለሚሰባብር ሥጋ ማለስለሻ ሆኖ ይሸጣል። የበሰለው ፓፓያ ትልቁ ሀብቱ ቀለሙ ነው። ብርቱካንማ የሚያደርጉት ካሮቲኖይዶች ናቸው፤ ሰውነታችን ከነሱ ቫይታሚን ኤ ይሠራል። ውስጡ ቀይ የሆነው ደግሞ ቲማቲም ላይ ያለው ላይኮፒን አለው። እነዚህ ያለ ቅባት በደንብ አይዋሃዱም። ስለዚህ ከጥቂት አቮካዶ ጋር ትብላው። በጾምም ይሆናታል።

ጥሬውን ነፍሰ ጡር አትብላ፤ ወተቱ ማህፀን ሊያኮማትር ይችላል ተብሎ ይፈራል። ጎማ ጓንት የሚያሳክከው ሰውም ይጠንቀቅ።

የሳሪሷ፦ ተባረክ ወንድሜ። ውስጡ ያለው ጥቁር ፍሬስ? ጎረቤታችን አድርቀሽ ፍጪላት፣ ጉበት ያጸዳል አለችን።

ሻይ ወዳድ፦ የፓፓያ ፍሬ ዱቄት በውስጥ መስመር ለሚያናግረኝ አለኝ። ለሁሉም በሽታ ነው።

ካዛንቺስ፦ ለሁሉም በሽታ ከሆነ ሆስፒታሎቹን ምን እናድርጋቸው?

ፋርማሲስቱ፦ ጉበት ያጸዳል የሚለውን ተዪው። ጥቁሩ ፍሬ ሲታኘክ ያለው ሰናፍጭ የሚመስል ቃጠሎ የሚመጣው ቤንዚል አይሶታዮሲያኔት ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ናይጄሪያ ውስጥ በ60 ሕጻናት ላይ የደረቀ ፍሬ ከማር ጋር ተሞክሮ፣ ለአንጀት ትል ተስፋ ሰጪ ውጤት ታይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ለእናትሽ ድርቀት የሚሆን ነገር የለውም። እና አንድ ጥያቄ፦ የምትወስደው መድኃኒት አለ?

የሳሪሷ፦ የስኳሩና የልብ። ደም ማቅጠኛም አለባት፣ ዋርፋሪን።

ፋርማሲስቱ፦ እንግዲያውስ የፓፓያ ክኒንም ዱቄትም እንዳይገባ። የሚበላውን ፓፓያ አንድ ሰሞን አብዝታ፣ ሌላ ጊዜ ጭራሽ ትታ ሳይሆን እኩል እኩል ትብላ። ለሚከታተላትም ሐኪም ንገሪው። እባክሽ ይሄን አትርሺ።

መቂ ተወላጅ፦ ቦታውን ትታችሁ ፓፓያውን ማየት ተማሩ። እኛ ቤት ይለማ ነበር። ቆዳው ላይ ቢጫ መስመር የጀመረ፣ ለመጠኑ ከበድ ያለ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ የሚለሰልስ ምረጡ። ሲቆረጥ መሃሉ ያለው ፍሬ ነጭ ከሆነ ሳይደርስ ነው የተለቀመው፤ የትም ብትገዢው አይጣፍጥሽም። አትክልት ተራ ዋጋው ይቀንሳል፣ ግን በብዛት ነው፣ እቤትሽ ይበሰብሳል። ለአንዲት እናት ጉሊት ይበቃል፣ ሴትዮዋ መርጠሽ እንድትወስጂ ከፈቀደች። ገና ጠንካራ ከሆነ ከሙዝ ጋር በጋዜጣ ጠቅልለሽ አስቀምጪው። ሳይበስል ፍሪጅ ካስገባሽው እንደ ጠነከረ ይቀራል።

እናት ዓለም፦ ከመቁረጥሽ በፊት ቆዳውን እጠቢው። ቢላዋው የላዩን ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

የቦሌው፦ ይሄ ሁሉ ምክር ጁስ ቤቴን አይነካም።

ሚሚ፦ የፊቴን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ፋርማሲስቱ፦ ሚሚ፣ ጥሬው ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ እንዳትቀቢው። ለማድያት የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ የፀሐይ መከላከያም አትተዪ።

ገርጂ፦ ልጁ ዛሬ አዲስ ገብቶለታል። ከሰዓት በፊት ከመጣሽ ትመርጫለሽ።