የወንድሜ አመክሮ ካሳው ላይ ቆመብኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ታናሽ ወንድሜ በ16 ዓመቱ በድንገተኛ ጠብ የሰው ሕይወት አጠፋ። 9 ዓመት ተፈረደበት፤ ዘንድሮ 6 ዓመት ሞላው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ፣ ጠባዩን ያሻሻለና ጉዳቱን በአቅሙ የካሰ ሰው በአመክሮ ሊፈታ ይችላል ይላል። ወንድሜ እዚያው ሆኖ ተማረ፣ ሽመናም ለመደ። ተለውጧል፤ አውቀዋለሁ።

የተቸገርኩት ካሳው ላይ ነው። ሽማግሌዎች አስታርቀውን ደሙ ደርቋል። እናቴ ሁለት በሬዎቿን ሸጣ ከፈለች። ግን ሁሉም በቃል ነበር፣ ወረቀት የለንም። አሁን ማስረጃ አምጡ ተባልን። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ደግሞ አርፈዋል።

በሕይወት ያሉት ሽማግሌዎች ቃል ይበቃል? ወይስ የግድ የሟች አባት መፈረም አለባቸው? እሳቸው ደጅ ድጋሚ መቆም ከብዶኛል። ያንን ሀዘን መቀስቀስ ነው።

ሌላም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናት ደህንነት በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። ሲያጠፋ ልጅ ነበር፣ አሁን ግን 22 ሆኖታል። ይህን ማመልከቻው ላይ ብጽፈው ሰሚ ያገኛል?

እባካችሁ፣ በተለይ ጠበቆች፣ የምታውቁትን ንገሩኝ።